በርገር በቤት፦ ለድሬዳዋ ሙቀት የሚስማማ አሠራር

"በርገሬ ለምን ይደርቅብኛል?"፣ "መጥበሻው ላይ ለምን ይፈራርሳል?"፣ "ጠፍጣፋ አድርጌ የጣልኩት ሥጋ መሐሉ ለምን ያብጣል?" ከዘመድም ከጎረቤትም የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው አራተኛው "በላዩ ላይ ምን ይደረግ?" የሚለው ነው። ለአራተኛው መልሴ አጭር ነው፤ የወደዳችሁትን አድርጉ። የሦስቱ መልስ ግን ለምርጫ የሚተው አይደለም። ሥጋው ስብ ካነሰው፣ በእጅ ብዙ ከታሸ ወይም መጥበሻው ላይ ሳይደርስ ከሞቀ ማንም ቢሠራው ያው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡትን ሁሉ በአንድ ነገር አስሩት፤ ሥጋው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ቀዝቃዛ፣ ብረቱ ደግሞ የጋለ ይሁን።

መጠኑ ለሰባት ሰው ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ እያንዳንዳቸው ወደ 140 ግራም የሚመዝኑ ሰባት በርገሮች ይወጡታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሥጋው፦
- 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ ከነስቡ (ወደ 800 ግራም ቀይ ሥጋ፣ ወደ 200 ግራም ስብ)
- ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው
- የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ
- መጥበሻውን ለመቀባት ትንሽ ዘይት

ለዳቦው፦
- 7 ለስላሳ ክብ ዳቦ፣ ስፋቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ
- 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ

ለላዩ (ሁሉንም መያዝ ግዴታ አይደለም)፦
- ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ
- ቺዝ፣ ኬችአፕ፣ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭ
- አቮካዶ፣ እንቁላል፣ ዳጣ ወይም ቢስባስ (በሎሚ የተፈጨ የቃሪያ ማባያ)

ዕቃ፦
- ወፍራም የብረት መጥበሻና የሚገጥመው ክዳን
- ሰፊና ቀጭን መገልበጫ
- የምግብ ላስቲክ ወይም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት
- ስፋቱ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣሳ ክዳን፣ ለቅርጽ
- ከተገኘ የምግብ ቴርሞሜትር

አሠራር

1. ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እንግዶቻችሁን ጠይቁ።

በከተማችን አንድ ማዕድ ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም መቀመጡ የተለመደ ነው፤ ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ እንደተገዛም ያው ጥያቄ ነው። ተቀላቅለው የሚመጡ ከሆነ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት መጥበሻና ሁለት መገልበጫ ያዙ። አንዱን መገልበጫ እያጠባችሁ ለሁለቱም ለመጠቀም አትሞክሩ፤ ጥድፊያ ሲመጣ ይረሳል። የሚጾም ሰው ካለም ቀድማችሁ እወቁ። ለእርሱ በዚያው ዳቦ ውስጥ ወፈር ተደርጎ የተፈጨ ፉል በቃሪያና በሎሚ ማዘጋጀት ይቻላል። ዳቦው ወተት ወይም ቅቤ እንደሌለበት አረጋግጡ፤ መጥበሻውንም በዘይት ቀቡለት።

2. ሥጋውን በማለዳ ግዙ፤ "ለክትፎ ነው" ብላችሁ ግን አትዘዙ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ልኳንዳ ገብታችሁ "የሚፈጭ ሥጋ" ስትሉ ባለሙያው የሚገባው ክትፎ ነው። ስቡንና ጅማቱን ሙልጭ አድርጎ አውጥቶ፣ ቀዩን ብቻ ያቀርብላችኋል። ለክትፎ ትክክል ነው፤ ቅቤው በኋላ ይጨመርበታልና። በርገር ግን የሚጨመርለት ቅቤ የለውም፤ ርጥበቱን የሚያገኘው ከራሱ ስብ ብቻ ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ የሆነ በርገር በምንም ዘዴ አይለሰልስም።

እንዲህ በሉ፦ "ወንድሜ፣ ለበርገር ነው። ከፍርምባና ከወርች ቀላቅልልኝ፤ ስቡን እንዳታወጣው።" ፍርምባ የራሱ ስብ አለው፤ ወርች ደግሞ ብዙ የሠራ ሥጋ ስለሆነ ጣዕሙ ጠንከር ይላል። ዳቢትም ይሆናል። ሽንጥ ግን ለጥብስ ይቅር፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ለስላሳነቱም ሲፈጭ ትርጉም የለውም።

ስቡ አነሰ ተብሎ የሆድ ሞራ ሊጨመርላችሁ ይችላል። በጨዋነት እምቢ በሉ። ሞራ ቶሎ ይረጋል፤ በርገሩ ቀዝቀዝ ሲል አፍ ላይ ይለጠፋል። ጭማሪ ካስፈለገ ከሻኛ ወይም ከፍርምባው ላይ ጮማ ይቆረጥላችሁ።

የግመል ሥጋ ለምትወዱ፦ በድሬዳዋም በሐረርም የሚገኝ ሥጋ ነው፤ ለበርገርም ይሆናል። የግመል ሥጋ ስቡ ያነሰ፣ ክሩም ሻካራ ስለሆነ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከራሱ ከግመሉ ሻኛ ስብ ይጨመርበት፤ አራት እጅ ሥጋ፣ አንድ እጅ ሻኛ። ሁለተኛ፣ መፍጫው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይለፍ። የቀረው አሠራር ከበሬው አይለይም።

ከገበያ ወደ ቤት ስትመለሱ ሌላ ጉዳይ አትደርቡበት። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጥሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ እዚህ ከተማ ደግሞ 32 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። አትክልቱን ከቀፊራ ገበያ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ጨርሱ፤ ሥጋው የመጨረሻው ግዢ ይሁን። ባጃጁም ከልኳንዳው በቀጥታ ወደ ቤት ያድርሳችሁ።

3. ከመፈጨቱ በፊት አቀዝቅዙት።

በዕለቱ የታረደ ሥጋ ለብ ያለ ነው። ለብ ያለ ስብ ደግሞ መፍጫው ውስጥ አይቆረጥም፤ ተድጦ ይለጠፋል። የተለጠፈ ስብ መጥበሻው ላይ ወዲያው ቀልጦ ይፈስሳል፤ በርገሩ በራሱ ዘይት እየተጠበሰ ውስጡ ደርቆ ይቀራል። "ስብ ነበረበት፤ ግን ደረቀብኝ" የምትሉኝ ሰዎች ችግራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የቤት መፍጫ ካላችሁ ሥጋውን በሁለት ጣት ስፋት ቆራርጡ፤ በትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጡት። ጠርዙ ጠንከር ሲል፣ መሐሉ ግን በረዶ ሳይሆን ይውጣ። የመፍጫውን ብረትም አብራችሁ አቀዝቅዙ። ከመካከለኛው ወንፊት ጋር አንድ ጊዜ መፍጨት ይበቃል።

መፍጫ ከሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ልኳንዳው ይፍጭላችሁና ቤት እንደደረሳችሁ ሳትነካኩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረፍ፤ ወይም የክትፎ እጅ ካላችሁ በስለታም ቢላዋ ራሳችሁ ክተፉት። በቢላዋ የተከተፈው ጉልበት ቢጠይቅም ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ሥጋው ሲታኘክ ሥጋነቱ ይታወቃል። ግን እንደ ክትፎ አታድቅቁት፤ የሽምብራ ፍሬ ግማሽ ሲያክል አቁሙ።

4. ሳታሹ ክፈሉት፤ ጠፍጥፉት።

የተፈጨውን ሥጋ በሰባት ክፈሉ። እያንዳንዱን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ በእጃችሁ ሰብስቡ። እንደ ሊጥ ማሸት ክልክል ነው። ሥጋ በታሸ ቁጥር የሥጋው ክሮች እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ውጤቱም የሚለጠጥ፣ ድርቅ ያለ ነገር ነው።

የጣሳውን ክዳን በምግብ ላስቲክ ሸፍኑት፤ ሥጋውን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ጠፍጥፉ። ስፋቱ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዳቦው በአንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ሲበስል ስለሚሰበሰብ ነው። ልኩን የዳቦውን ያህል ካደረጋችሁት ዳቦው መሐል ላይ ትንሽ ሥጋ፣ ዙሪያውን ባዶ ዳቦ ይሆንባችኋል።

ከዚያ በአውራ ጣታችሁ መሐሉን ጎድጎድ አድርጉት። እሳት መጀመሪያ የሚያኮማትረው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ ሲኮማተር መሐሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎድጓዳው ያን ጊዜ ሞልቶ ይስተካከላል። መሐሉ አበጠብኝ ለምትሉ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

በመካከላቸው ወረቀት እያደረጋችሁ ደርድሯቸውና ወደ ማቀዝቀዣ መልሷቸው። መጥበሻው እስኪግል ድረስ እዚያው ይቆዩ።

እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪ ወይም የተከተፈ ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት ትጠይቁኛላችሁ። አይግባ። እንቁላልና ፍርፋሪ የሚያስፈልገው ሥጋው በራሱ አልያያዝ ሲል ነው፤ በቂ ስብ ያለው ቀዝቃዛ ሥጋ በራሱ ይያያዛል። ጥሬ ሽንኩርት ደግሞ ሲሞቅ ውኃ ይተፋል፤ በተፋበት ቦታ ሁሉ ሥጋው ይሰነጠቃል። መጥበሻ ላይ የሚፈራርሰው በርገር አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሽንኩርት የምትወዱ ከላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቆልሉበት።

5. የላዩን ማጣፈጫ ሥጋው ሳይጠበስ ጨርሱ።

ሥጋው ከወጣ በኋላ ቲማቲም ለመክተፍ ጊዜ የለም።

ቲማቲሙን ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሚያህል ውፍረት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጨው ነስንሳችሁ ለአሥር ደቂቃ ወንፊት ላይ ተዉት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ዳቦን የሚያረጥበው ከሥጋው ይልቅ የቲማቲም ውኃ ነው።

ሽንኩርቱን በስሱ ቁረጡ፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ ለሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ እስከ ማግስቱ አፍ ላይ የሚቆየው ጥሬ ሽታውም ይለዝባል። ጣፋጭ ሽንኩርት የምትመርጡ በትንሽ ዘይትና በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቁላሉት። ማፍጠን አይቻልም፤ እሳት ሲበዛበት ሳይጣፍጥ ያራል።

ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውኃ እጠቡና በደንብ አድርቁት። ጥሬውን የሚበላ አትክልት ስለሆነ ለአሜባ በር ይከፍታል፤ ውኃው ካላስተማመናችሁ ሰላጣውን ጭራሽ ተዉት፣ በርገሩ አይጎድልበትም።

ቢስባስ ለምትፈልጉ፦ ስድስት ቃሪያ፣ ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂና ጨው አንድ ላይ ፍጩ። ስብ ያለው ሥጋ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ነገር ይፈልጋል፤ ሎሚው ስቡን አፍ ላይ ይቆርጠዋል። ከታሸገ ኬችአፕ ጋር ለሚያነጻጽረው ሰው መልስ አልሰጥም።

6. ብረቱን አግሉት።

መጥበሻውን ባዶውን ከመካከለኛ ከፍ ባለ እሳት ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጣዱ። የውኃ ጠብታ ስትጥሉበት ተንጫጭቶ ወዲያው መጥፋት አለበት። ከዚያ ብቻ በዘይት የተነከረ ወረቀት ያዙና መሬቱን ቀቡት። ዘይት አታፍስሱበት፤ ሥጋው የራሱን ስብ ያወጣል።

ብረቱ ለምን ይግላል? በርገር ጣዕሙን የሚያገኘው ላዩ ደርቆ ሲቀላ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚጀምረው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ብረቱ ለብ ብሎ ሥጋው ከገባ የሚወጣው ውኃ ስለማይተን ሥጋው ይቀቀላል። ግራጫ ቀለም፣ የቅቅል ሽታ፤ ያውቃል የቀመሰው።

በከሰል የምትጠብሱ ከሆነ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። መዳፋችሁን ከፍርግርጉ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብቻ ከቻላችሁ እሳቱ ደርሷል። ፍሙን በአንድ ወገን ሰብስቡት። ስብ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳል፤ ያን ጊዜ በርገሩን ፍም ወደሌለበት ወገን ታሸሹታላችሁ። ውኃ አትርጩበት፤ አመዱ ተነስቶ ሥጋው ላይ ያርፋል።

7. ጨው ጨምሩ፤ ወዲያው ጣዱ።

ሥጋውን ከማቀዝቀዣ አውጡ፤ አንዱን ፊት ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት፤ ጨው የነካውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ መጥበሻው ላይ አሳርፉት። ሌላውን ፊት እዚያው ላይ ጨው አድርጉት።

ጨው ከሥጋው ጋር ቀድሞ ለምን አይቀላቀልም? ጨው የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚያሟሟ ክሮቹን ያጣብቃቸዋል። ቋሊማ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፤ ለበርገር ግን ሥጋውን ድፍን ያደርገዋል። ሚጥሚጣ የምትወዱም ሲወርድ ነስንሱ። በርበሬ የጋለ ብረት ላይ ያራል፤ ካረረ ይመርራል፤ ጭሱም ቤተሰቡን ሁሉ ያስላል።

በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አትጣዱ። መጥበሻው ሲጨናነቅ ብረቱ ይበርዳል፤ ወደ ቅቅሉ ትመለሳላችሁ።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ አትንኩት። ሳይቀላ ብትገለብጡት ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ቅርፊት ተገንጥሎ ይቀራል፤ ሲደርስ ግን ራሱ ይላቀቃል። መገልበጫውን ከሥሩ አስገቡ፤ እምቢ ካለ አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ገልብጡና ሌላ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ።

በመገልበጫ መጫን ደግሞ የሁላችንም እጅ የሚያሳክከው ነገር ነው። ስትጫኑት የሚሰማው ጭስስ የሚል ድምፅ ሥጋው ውስጥ መቅረት የነበረበት ጭማቂ ነው። አትጫኑ።

ቀጭንና ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ በርገር የምትወዱ ከዚህ ደንብ ነፃ ናችሁ፤ ግን መጫኑ ጊዜ አለው። 70 ግራም የሚያህል ቀዝቃዛ ድብልብል ሥጋ ብረቱ ላይ አሳርፉ፤ ወረቀት አልብሱት፤ በከባድ ጠፍጣፋ ነገር በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ተጫኑት። ያን ጊዜ ስቡ ገና አልቀለጠም፤ ስለዚህ የሚወጣ ጭማቂ የለም። ሁለት ደቂቃ በአንዱ፣ አንድ ደቂቃ በሌላው ወገን ይበቃዋል። ለአንድ ዳቦ ሁለት ደራርቡ። መሐል ጎድጎድ ማድረግ እዚህ አያስፈልግም።

8. መብሰሉን አረጋግጡ።

"ክትፎ ጥሬውን እንበላ የለም ወይ? በርገሩ ለብለብ ቢሆን ምን አለበት?" ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የለም። ጀርም በአብዛኛው የሚቀመጠው ሥጋው ላይ ከውጭ ነው። ሙሉ ሥጋ ስትጠብሱ እሳቱ ውጩን ስለሚያገኘው መሐሉ ቀይ ቢሆንም አደጋው ትንሽ ነው። ሲፈጭ ግን የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሐሉ ካልበሰለ ጀርሙም አልሞተም። ክትፎም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፤ ከኮሶም እንዲሁ። እዚያ ላይ የለመዳችሁት ነገር ወደ በርገሩ ፈቃድ ይዞ አይመጣም።

ልኩ 71 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩን ከላይ ሳይሆን ከጎን ወደ መሐል ውጉት፤ ከላይ ከተወጋ ሾሉ አልፎ የመጥበሻውን ሙቀት ያነብላችኋል። በቀለም አትተማመኑ፤ የተፈጨ ሥጋ ልኩ ሳይደርስም ሊጠቁር፣ ልኩን አልፎም ሮዝ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ውፍረቱን ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አታስበልጡ፤ በየወገኑ አራት ደቂቃ ሙሉ ስጡት፤ አንዱን ቆርጣችሁ ጭማቂው ጥርት ብሎ መውጣቱን እዩ።

በ71 ዲግሪ የወረደ፣ ስቡ ያልጎደለ በርገር ርጥብ ነው። የደረቀብን በርገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ስብ ያልነበረው ነው፤ ስለዚህ በለብለቡ የምትፈልጉት ልስላሴ ልኳንዳው ቤት ነው ያለው። ከ71 በላይ አቆይቶ ጠንከር ያለ መብላት የሚወድ ሰው ደግሞ ያቆየው፤ ቤታችን ውስጥም አለ።

9. ቺዝ ከወደዳችሁ።

ሊወርድ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቺዙን አልብሱት፤ የሻይ ማንኪያ ውኃ መጥበሻው ዳር ጠብ አድርጉና ክደኑት። እንፋሎቱ ቺዙን በግማሽ ደቂቃ ያቀልጠዋል። ፕሮቮሎኔና ተቆራርጦ የሚሸጠው ቺዝ በደንብ ይቀልጣሉ። የእኛ አይብ አይቀልጥም፤ ከኮመጠጠ ወተት በሙቀት የረጋ ስለሆነ ቢጠበስም ፍርፍር እንዳለ ይቀራል። አይብ የምትወዱ ቀዝቃዛውን በዳጣ ለውሳችሁ ሥጋው ከወረደ በኋላ በማንኪያ አድርጉበት። ከቀለጠው ቺዝ አያንስም።

10. ሥጋውን አሳርፉ፤ ዳቦውን ለብ አድርጉ።

ሥጋው ሲወርድ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተነከሰ ጭማቂው ዳቦው ውስጥ ይገባል። በዚያው መጥበሻ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ፣ የዳቦውን የተቆረጠ ፊት ንጥር ቅቤ ቀብታችሁ እስኪቀላ አሳርፉት። የቀላው ፊት ለጭማቂው መከላከያ ነው። ያልተነጠረ ቅቤ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው የወተት ቅሪት ያራል።

ዳቦውን በዕለቱ ግዙ። የድሬዳዋ አየር ዳቦን ቶሎ ቅርፊት ያደርገዋል፤ ከዳቦ ቤት እንደመጣ በላስቲክ አስሩት። ጥሩ የበርገር ዳቦ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ቅርፊቱ የጠነከረውን ተራ ዳቦ ስትነክሱ ሥጋው በሌላ በኩል ይወጣል።

11. ደርድሩ።

ከታች ወደ ላይ፦ ዳቦ፣ ማዮኔዝ ወይም አቮካዶ፣ ሰላጣ፣ ሥጋው ከነቺዙ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቢስባስ ወይም ሌላ ማጣፈጫ፣ ዳቦ። ቅባት ያለው ነገርና ሰላጣው ከሥጋው በታች የሚሆኑት የታችኛው ዳቦ እንዳይርስ ነው። የሚያንሸራትት ነገር ከሚያንሸራትት ነገር አጠገብ አታድርጉ፤ ቲማቲም በአቮካዶ ላይ ከተቀመጠ የመጀመሪያው ንክሻ ላይ ሁሉም ሳህን ላይ ይዘረገፋል።

ምርጫ ላጡ ሰዎች የምሰጣቸው ጥምረቶች እነዚህ ናቸው። ለልጆች ቺዝ፣ ኬችአፕና ምንም። ለእኔ የሎሚ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቢስባስ፤ ቺዝ አልፈልግም፣ የሥጋውን ጣዕም ይሸፍንብኛል። ለርሃብተኛ የተጠበሰ እንቁላል፤ ነጩም አስኳሉም የበሰለ ይሁን። ለሚንኮሻኮሽ ወዳጆች ዘይት ላይ ብቅ ያለ የቋንጣ ፍርፋሪ። ለግመል በርገር ጥሬ ማንጎ በስሱ ተቆርጦ ከሚጥሚጣ ጋር፤ ሞክሩትና ፍረዱ።

ማስጠንቀቂያ

- ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ቢጠፋም የማይሸት ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን።
- የማያጣብቅ ሽፋን ያለውን መጥበሻ ባዶውን አታግሉት። ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ሽፋኑ መበላሸትና መጥፎ ጭስ መልቀቅ ይጀምራል።
- ጥሬ ሥጋ የነካ ሳህን፣ ቢላዋና እጅ የበሰለውንም ሰላጣውንም አይንካ።
- በጥሬ እንቁላል የሚመታ ማዮኔዝ ለዚህ ሙቀት አይሆንም። የታሸገውን ግዙ፤ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ።
- ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያንና ለታማሚ ከ71 ዲግሪ በታች የወረደ በርገር በፍጹም አትስጡ።
- መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣውን አትክፈቱ። ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ቢይዝ ወደ አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የቆየ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ይጣል። ሽታው ደህና ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ በሽታ አምጪው ጀርም አይሸትም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- *ደረቀ።* ስብ አንሶታል፣ ተጭናችሁታል ወይም ሞቆ ተፈጭቷል። በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።
- *ተፈራረሰ።* ሽንኩርት ገብቶበታል፣ አልቀዘቀዘም ወይም ሳይቀላ ተገልብጧል።
- *እንደ ቋሊማ ተለጠጠ።* ታሽቷል፤ ወይም ጨዉ ቀድሞ ተቀላቅሏል።
- *ውጩ አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ነው።* በጣም ወፍሯል፤ ወይም ከፍሪዘር እንደወጣ በረዶውን ተጥዷል። የቀዘቀዘ ማለት የማቀዝቀዣ እንጂ የበረዶ ቅዝቃዜ አይደለም።
- *ዳቦው ራሰ።* ቲማቲሙ አልደረቀም፤ ወይም ዳቦው አልቀላም።

የተረፈ ጥሬ በርገር ካለ በመካከሉ ወረቀት አድርጋችሁ፣ አየር እንዳይገባው አሽጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ስታወጡት ከማታው ወደ ማቀዝቀዣው አውርዱት፤ ጠረጴዛ ላይ አታቅልጡት። አንድ ጊዜ ውጭ የቀለጠ ጥሬ ሥጋ ወደ ፍሪዘር አይመለስም።